ይሉኝታ የያዛቸው ጓዳዎች

ወለላ ሜዳ ከተማ ውስጥ ሰው ከመኝታው ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነጋግረው የገዛ በሩን ነው። በሩ «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። የቤቱ ሰው እንደየእምነቱ አመስግኖ ይመልሳል። ከዚያ ቧንቧው ይከፈታል፣ ከጣራው በላይ ጥላው ይዘረጋል፣ ቀኑም ቀን ይሆናል። መልስ የነፈገ ሰው ውሃ አይከለከልም፤ ግን በሩ ቅር ይለዋል፣ እስኪመለስለት ድረስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ ይጠይቃል። ልጆች በዚህ ይቀልዳሉ። ትልልቆቹ ግን ማንም ሳያያቸው በደንብ ይመልሱለታል።

ያን ቀን በሮቹ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ ተመለሰላቸው። ቁርስ ሳይነሣ ደግመው «እንዴት አደራችሁ?» አሉ። ሰው ሳቀና መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ ግን የሳቀ አልነበረም፤ ጥላው እንደ ጃንጥላ ተሰብስቦ ፀሐይዋ ጣራው ላይ አርፋ ነበር።

በዚያ ዘመን፣ ልጆቼ፣ በቆላው ምድር እኩለ ቀንን ያለ ጥላ የሚውል ሰው የለም። ከብትም አይውልም። ወፎቹ እንኳ ከጥላው ሥር ነው የሚበሩት።

ጥላውን የሚዘረጉት፣ ውሃውን የሚያከፋፍሉት፣ በሮቹን የሚያናግሩት ሰርቨሮች ናቸው። ሰርቨር የሚባሉት ግን ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው። ሕዝቡ ጓዳ ይላቸዋል፤ ሁሉ ነገር ከጓዳ ስለሚወጣ። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ጓዳ አለው፤ ሁሉም ግን የሚቀመጡት አንድ ቦታ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በገባ የድንጋይ ቤት ጎን ለጎን ነው። የዚያ ቤት ኃላፊ ጥሩዓየር ነበረች፤ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ስትጨነቅ የምታፏጭ ሴት። ያን ጠዋት ፉጨቷ ከቤቱ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዋዜማው ነው። ከክልል በመጣ ትእዛዝ የጓዳዎቹን ሶፍትዌር በአዲስ ቀየረች። አሮጌው እንደ ደንቡ ተጠርጎ ወጣ፤ ተመልሶ የሚጫን አይደለም። አዲሱ ፈጣን ነው ተብሎለታል፤ ጥያቄ ግን ያበዛል። ስለ እያንዳንዱ ጓዳ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር ጠየቃት። እሷም የመጣላትን ሞልታ ጨርሳ፣ መሥራቱን አይታ፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ጠዋት ጥላ የሚዘረጋበት ሰዓት ሲደርስ ጓዳዎቹ ይወድቁ ጀመር። ወድቀው ይነሣሉ። ሲነሡ ሌሊቱን ተኝተው ያደሩ ይመስላቸዋልና በሮቹ «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ይወድቃሉ።

ጥላ ያጣ ከተማን የሚያስለቅቀው የሙቀት ቦርድ ሰው በስክሪኑ ብቅ አለ። አቶ ናኦድ ይባላል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የለዘበ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ጥሩዓየር፣ አውቶቡሶቹ መታጠፊያው ላይ ደርሰዋል» አላት። «ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የሁሉንም ሰፈር ጥላ ካላየሁ እንዲገቡ እፈቅዳለሁ። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም፤ ደንቡ ነው።»

«ሰው ምን ይያዝ?» አለችው።

«አንድ አንድ ሻንጣ።»

ባዶ የተደረገ ከተማ ተመልሶ እንደማይከፈት ሁለቱም ያውቃሉ። ቦርዱ እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ጽፎ አያውቅም፤ ግን እስከዚያ ቀን የተከፈተ የለም። ጥሩዓየር የተወለደችባት ሰንበሌጥ የምትባል ከተማ እንደዚሁ ለጥቂት ቀን ነው ተብላ ነበር የተዘጋችው። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ያጠበችውን ልብስ ገመድ ላይ እንዳሰጣች ልጇን አዝላ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ያ ልብስ እስከ ዛሬ እዚያው ገመድ ላይ ነው። ሴትየዋ ከስንት ዓመት በኋላም ዝናብ ባየች ቁጥር ታስታውሰዋለች።

እዚህ ወለላ ሜዳ ሲደርሱ መዝጋቢው ልጅቱ መቼ ተወለደች ብሎ ጠየቀ። እናቷም ወንዙ አቅጣጫውን የቀየረ ሳምንት ነው አለች። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ቀን አይቀበልም። መዝጋቢው መስከረም አንድ ብሎ ሞላው፣ ዓመቱንም ከራሱ ጨመረበት፣ ቀጥሎ የቆመውንም እንደዚያው። በወለላ ሜዳ ከሰው እኩሌታው የተወለደው መስከረም አንድ ነው። እንቁጣጣሽ ሲሆን በሮቹ የልደት ምርቃት ሲያወርዱ እስከ ምሳ አይጨርሱም።

ጥሩዓየር ስክሪኑን አጠፋችና ወደ ጓዳዎቿ ተመለሰች። ሁለተኛ አውቶቡስ ላይ አልወጣም ብላ ለራሷ ነገረች።

መጀመሪያ ሙቀት ነው ብላ ጠረጠረች። በእጇ ዳበሰቻቸው፤ ቀዝቃዛ ናቸው። ዲስካቸውን መረመረች፤ ደህና ነው። ምናልባት አዲሱ ሶፍትዌር በግማሽ ገብቶ ይሆናል ብላ በአንዱ ላይ ደግማ ጫነችው፤ ያው ወደቀ። ከመውደቃቸው በፊት ሚሞሪያቸው እስከ አፍ ገደፉ እንደሚሞላ አየች። የሚሞላውም እርስ በርስ በሚለዋወጡት ሰላምታ ነበር። እነዚህ ጓዳዎች ደግሞ ሁልጊዜም ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ተከባብረው የሚሠሩ፣ ጨዋ ናቸው። ስለዚህ አየችውና አለፈችው። አክብሮት በዛ ብሎ በሽታ የሚጠረጥር ማን አለ?

ከዚያ ከባዱን ሁሉ ትታ ቀላሉን ሞከረች። የታች ሰፈሩን ጓዳ ኬብሉን ነቀለችና ለብቻው አስነሣችው። ቆመ። ጠበቀችው፤ አሁንም ቆሟል። የላይ ሰፈሩን እንዲሁ ለብቻው አስነሣችው፤ እሱም ቆመ። ሁለቱን በኬብል አገናኘቻቸው። ተያይዘው ወደቁ።

ፉጨቷን አቆመች። በሽታው ጓዳዎቹ ውስጥ አይደለም፤ በመካከላቸው ነው።

ለየብቻቸው ልተዋቸው ብትልም አይሆንም። ጥላ ሲዘረጋ ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ ከእንፋሎት ኃይል ጣቢያው የሚመጣው የመብራት መስመር ደግሞ አንድ ነው። አንዱ ዘርግቶ ሲጨርስ መስመሩን ለቀጣዩ ያቀብላል። ሳይነጋገሩ ሁሉም ባንዴ ከጎተቱ መስመሩ ይቃጠላል። ከተማዋ በተቆረቆረች ሰሞን አንዴ ተቃጥሎ ያውቃል፤ የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች ጓዳዎቹን ሥርዓት ያስተማሯቸው ከዚያ ወዲህ ነው።

እሷ ኬብሉን በእጇ ይዛ ቆማ ሳለ ከደጅ ኮቴ ተሰማ። የላይ ሰፈሩ ጋሽ ደምረውና የታች ሰፈሩ ሼህ ኢድሪስ ናቸው፣ የከተማው ሽማግሌዎች። ከኋላቸው የውሃ ተቆጣጣሪዋ እትዬ ብርቅነሽ እርጥብ ፎጣ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ትከተላለች። የመጡበት ጉዳይ ከባድ ነበር። ሰው ሻንጣውን አስሮ ጨርሷል። አሁን ወደ መቃብሩ ሊሄድ ነው፣ የቀበራቸውን ሊሰናበት። ሂዱ ይበሉት ወይስ ጠብቁ ይበሉት? ያን ከጥሩዓየር አፍ ለመስማት ነው የመጡት።

ግን አልጠየቋትም፤ መግባት አልቻሉማ። የድንጋዩ ቤት በር ጠባብ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ይግቡ ሼሁ» አሉ ጋሽ ደምረው።

«ወላሂ አይሆንም። እርስዎ ይቅደሙ።»

«እርስዎ ቆመው እኔ?»

«ታላቄ አይደሉ እንዴ?»

«ማን ነው ያለው? የሚበልጡኝስ እርስዎ።»

«በምን እንወቀው? መታወቂያው እንደሆነ ሁለታችንንም መስከረም አንድ ነው የሚለን፤ ያውም በአንድ ዓመት።»

«እንግዲያው ካልታወቀ እርስዎ ይግቡ፤ በሞቴ።»

«እኔ ልሙት፣ አልገባም።»

ላቡ ከሁለቱም ግንባር ይንጠፈጠፋል። ፀሐይዋ ጀርባቸውን ትልጣለች። እትዬ ብርቅነሽ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እናንተ ስትገባበዙ ከተማው ነዶ ያልቃል» አለች። «ወይ ግቡ፣ ወይ እኔን አሳልፉኝ።»

ሁለቱም እሺ ብለው ግራና ቀኝ ፈቀቅ አሉና መንገዱን ለቀቁላት። እሷ ደግሞ በሩ ባዶውን ሲያፈጥባት ጊዜ ደነገጠች። ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቅደም እንዴ ብላ ወደ ኋላ አለች። እንግዲህ ሦስቱም ውጪ ቀሩ።

ጥሩዓየር ከውስጥ ሆና አየቻቸው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ ሳቋ በግማሽ ቀረና በእጇ ወደያዘችው ኬብል፣ ከዚያም ወደ ጓዳዎቹ ዞረች። እነሱም በዚያች ቅጽበት ወድቀው መነሣታቸው ነበር፤ ከከተማው በር ሁሉ «እንዴት አደራችሁ?» የሚለው ድምፅ ተሰማ።

«ይሉኝታ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ይሉኝታ ነው የያዛቸው።»

ሽማግሌዎቹ ስለ እነሱ የተናገረች መስሏቸው አፈሩና ተጋፍተው ገቡ። እሷ ግን እያስቀመጠቻቸው ነገሩን አስረዳቻቸው። የድሮዎቹ ባለሙያዎች ለጓዳዎቹ ያስተማሯቸው ሥርዓት ከሰው የተወሰደ ነው፤ መስመሩ ላይ ታላቅ ይቀድማል፣ ታናሽ ይጠብቃል። ታላቅ ታናሽነቱ ያልታወቀውን ደግሞ እንደ ታላቅህ ቁጠረው፣ አስቀድመው፤ ሰው ማክበር አይጎዳም ብለው ጨመሩበት። ለዓመታት የጎዳው ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ዕድሜውን ያውቅ ነበርና። ትናንት አዲሱ ሶፍትዌር የልደት ቀን ሲጠይቃት ግን የጓዳዎቹን ልደት ከየት ታምጣው? እጇ እንደ ለመደው ሞላችው።

«መስከረም አንድ?» አሉ ጋሽ ደምረው።

«መስከረም አንድ። ሁሉንም። በአንድ ዓመት።»

ከዚያ ሼህ ኢድሪስ ጢማቸውን ይዘው ይንፈቀፈቁ ጀመር፤ ሳቁ ወደ ጋሽ ደምረው ተጋባ። አዩ፣ አሉ ሼሁ፣ ብረቱም እንደኛ ተፈናቃይ ሆነ ማለት ነው። ጓዳዎቹ መስመሩ ፊት ቆመው እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ግብዣው ሆዳቸውን ሞልቶ ይጥላቸዋል። ለብቻው የሆነ ጓዳ የሚጋብዘው የለም፤ ስለዚህ ይቆማል።

«ድሮ ባንክ ስንሄድ ሲስተም የለም ይሉን ነበር» አሉ ጋሽ ደምረው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይኸው ዛሬ ሲስተሙ ከኛ በላይ ጨዋ ሆኖ አረፈው።»

መድኃኒቱ ታወቀ፤ ለየጓዳው የራሱን ዕድሜ መስጠት ነው። ግን የጓዳዎቹ ታሪክ ከአሮጌው ሶፍትዌር ጋር ተጠርጓል፤ ክልልም ቢጠየቅ መልሱ ለነገ ነው። ዝም ብላ ከራሷ እንዳትፈጥርላቸው ደግሞ ፈራች። ታናሹን ጓዳ ሳታውቅ ከፊት ብታቆመው፣ አሮጌዎቹ የሚጎትቱትን ያህል ኃይል የማቀበል አቅም የለውም፤ መስመሩ ከነሱ ጋር ይቃጠላል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትሞክረው። ማን ቀድሞ እንደተተከለ የሚያውቁት ደግሞ ከተማዋ ስትቆረቆር የነበሩት፣ አሁን ፊቷ የተቀመጡት ናቸው።

የማን ሰፈር ጓዳ ነው ታላቁ ብላ ጠየቀቻቸው።

«የሼሁ ሰፈር ይቅደም» አሉ ጋሽ ደምረው ወዲያው።

«አይ፣ የላይ ሰፈር ነው የሚገባው» አሉ ሼሁ።

ጥሩዓየር ቀና ብላ አየቻቸው። ሽማግሌ ተቆጥታ አታውቅም። ያን ቀንም አልተቆጣችም።

«አባቶቼ፣ ዛሬ ይሉኝታችሁን ከደጅ ተዉልኝ» አለቻቸው። «የሚገባውን አይደለም የጠየቅኳችሁ፤ እውነቱን ነው። ሰንበሌጥ ላይ የእናቴ ልብስ እንደተሰጣ ቀርቷል። እዚህም እንዳይቀር።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምን ያህል ዓመት ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ እውነታቸውን ተጣሉ። ጋሽ ደምረው የላይ ሰፈር ጓዳ ጨው ሐይቁ ሞልቶ መንገዱን የበላ ዓመት ነው የተተከለው፣ ከሱ የሚቀድም የለም አሉ፤ ለካስ ሲጋብዙ የኖሩት በልባቸው የኔ ይበልጣል እያሉ ነው። ሼህ ኢድሪስ የታች ሰፈሩ የመጣው ሐይቁ ከመሙላቱ በፊት ነው አሉ። ማስረጃ አለዎት ወይ አሏቸው ጋሽ ደምረው።

«አለኝ እንጂ» አሉ ሼሁ። «በዚያ በበጋው ምሳ በበሉ ቁጥር እየመጡ እኔ ቤት ደጅ የሚተኙት ምን ፈልገው ነበር? ላይ ሰፈር ጥላ ቢኖር ኖሮ የኔን ሰሌን ምን አስናፈቀዎት?»

እትዬ ብርቅነሽ ሳቋን በፎጣዋ አፈነች። ታች ሰፈር ታላቅ፣ ላይ ሰፈር ተከታይ ሆኖ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው። የዋርካ ሥር ሰፈር ጓዳ የተተከለው አንበጣ በመጣበት ክረምት ነው፤ ተካዩ ሰውዬ አንበጣውን በሳጥኑ ክዳን ሲያባርር ታይቷል። የጨው በር ሰፈሩን ቀን እትዬ ብርቅነሽ ራሷ አመጣችው፤ መንታዎቿን ያማጠችው በተተከለበት ዕለት፣ ጥላው ከራሷ በላይ ሲዘረጋ እያየች ነው፤ መንታዎቹ ዘንድሮ ሥራ ይዘዋል። አዲሱ መስመር የሚባለው ሰፈር ጓዳ ከሁሉም ትንሽ ነው፤ ጥሩዓየር በገዛ እጇ ነው የተከለችው። እሷ እየሰማች ሐይቅና አንበጣ ለማይገባው ሶፍትዌር በሚገባው ቋንቋ ታስገባለታለች። የገባትም አንድ ነገር ነበር፤ ያኔ መዝጋቢው ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ እናቷ የነገረችውም ቀን ይገኝ ነበር።

ፀሐይዋ አናት ልትነካ ምንም አልቀራትም። የአቶ ናኦድ ፊት በስክሪኑ ተመለሰ፤ ሰዓቱን አየ። ጥሩዓየር ኬብሎቹን መልሳ ሰካቻቸው፣ ሁሉንም ባንዴ አጠፋቻቸው፣ ባንዴ አስነሣቻቸው።

ጸጥ አለ። ጓዳዎቹ ተነሡ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ጥሩዓየር ሚሞሪው ሲሞላ አየች፤ ትንሽ ሞላ፣ ትንሽ ጨመረ፣ ከዚያ ቆመ። ሰላምታው አለቀ። አራቱ ጓዳዎች ዝም አሉና አንደኛውን ጠበቁት።

የታች ሰፈሩ ጓዳ ቀደመ።

ከደጅ እንደ ትልቅ ሸማ የሚራገፍ ድምፅ ተሰማ፤ የታች ሰፈር ጥላ ተዘረጋ። ጨርሶ መስመሩን አቀበለ። ላይ ሰፈር ዘረጋ። ዋርካ ሥር ዘረጋ። ጨው በር ሲዘረጋ እትዬ ብርቅነሽ እልል አለች፤ እልልታው ከደጅ ተቀባይ አግኝቶ ከሰፈር ሰፈር ሄደ። ወደ መቃብሩ ለመሄድ መንገድ ላይ ቆሞ የነበረው ሰው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀና አለ። በመጨረሻ ትንሹ ጓዳ ተራው ሲደርሰው፣ ታላላቆቹ ያቀበሉትን ይዞ፣ ትንሿን ጥላውን አዲሱ መስመር ላይ ዘረጋት። ወፎቹ ተመልሰው ከሥሯ ገቡ።

አቶ ናኦድ በስክሪኑ ላይ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «ጥላ አየሁ» አለ፣ እንደ ደንቡ። ከዚያ ደንቡ ውስጥ የሌለ ነገር አደረገ፤ ፈገግ አለ። ምን ነበር ችግሩ፣ ለሪፖርት ነው፣ ብሎ ጠየቃት። ጥሩዓየር ሽማግሌዎቹን አየች፤ ሽማግሌዎቹ ጣራ ጣራ ያያሉ። የልደት ቀን ስሕተት ነው አለችው። እሱም የራሱ ልደት መስከረም አንድ መሆኑን ነግሯት ተሰናበታት።

የአውቶቡሶቹ ሾፌሮች ከመታጠፊያው በሙቀት ሲቀቀሉ ስለነበር ከተማው ወጥቶ ወደ ጥላው አስገባቸው፣ ምሳም አቀረበላቸው። በልተናል ብለው ተግደረደሩ። ከተማ ባዶ ሊያደርጉ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ቢያፍሩም አይፈረድባቸውም። ሼህ ኢድሪስ ግን በእጃቸው አጉርሰው አስጀመሯቸው።

ጥሩዓየር የድንጋዩን ቤት ቆልፋ እያፏጨች ወደ ቤቷ ሄደች፤ ይህኛው ፉጨት ዘፈን ነበረው። እናቷ ጓሮ ነበረች። ወይዘሮ አስካለ ጠዋት አውቶቡስ መጣ ሲባል ያጠበችውን ልብስ ሁሉ፣ እርጥቡን ሳይቀር፣ ከገመዱ ሰብስባ ሻንጣዋ ውስጥ ጠቅጥቃው ነበር። አሁን አንድ በአንድ እያወጣች፣ እያራገፈች፣ መልሳ ታሰጣዋለች። ሻንጣው ባዶውን ተከፍቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል።

ከኋላቸው በሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቱም ዞር አሉ።

«እንዴት ዋላችሁ?» አለ በሩ።

ወይዘሮ አስካለ የያዘችውን ቀሚስ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ መቆንጠጫ ካደረገችበት በኋላ፣ «ደህና ውለናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችለት። «አንተስ እንዴት ዋልክ?»